አፉ የማይጠረገው ቅል

ጥጌ እንየው የሞተችው አምስት ዓመት ሳይሞላት ነው። የሽመል በር ሽማግሌዎች ስለ ቅሉ ሲጠየቁ ሁልጊዜ የሚጀምሩት ከዚህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው ይላሉ።

ሽመል በር ከሞቃቱ ቆላ መሃል ያለች ትንሽ ከተማ ናት። አንድ መንገድ፣ አንድ ጉድጓድ፣ አቧራ የለበሱ የማንጎ ዛፎች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቆም ገበያ አላት፤ ከዚህ የበለጠ የሚታይባት ነገር የለም። አዲስ ሰው ከመኪና ሲወርድ ግን፣ አስተማሪም ይሁን ነጋዴ ወይም መንገድ የሳተ፣ መጀመሪያ ያየው የከተማዋ ሰው ከቤቱ ውሃ በቅል ይዞ ይወጣል። ስሙን አይጠይቀውም፣ ከየት መጣህም አይለውም። አስቀድሞ ራሱ ይጎነጭለትና የቅሉን አፍ ሳይጠርግ ለእንግዳው ያቀብለዋል። ወሬው የሚጀመረው እንግዳው ከጠጣ በኋላ ነው። በቅርቡ ከወረዳ የመጣ አንድ ወጣት ባለሙያ ከኪሱ ሶፍት አውጥቶ የቅሉን አፍ ቢጠርግ፣ ያቀበሉት ሽማግሌ መልሰው ወሰዱና እንደገና ጠጥተውበት ሰጡት ይባላል። ወጣቱ አፍሮ «አባባ፣ ለጤና ብዬ እኮ ነው» ቢላቸው «አውቃለሁ ልጄ፤ እኛም ያኔ ለጤና ነበር» አሉት።

በከተማዋ መግቢያ፣ ከትልቁ ዋርካ ወዲህ፣ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዘው የቆሙ ሁለት ባላዎች አሉ። ምስጥ ሲበላቸው በአዲስ ይተካሉ፤ በላያቸው ግን ምንም ነገር አይጋደምም።

እንደሚነገረው በድሮ ዘመን ወደ ሽመል በር ፈንጣጣ ገባ። ያመጣው አንድ ሌሊት ብቻ ያደረ እንግዳ ነው፤ ሰው ተቀብሎት፣ እግሩን አጥቦት፣ የራሱን መደብ ለቆለት ነበር። ዝናቡ ሳይመጣ ከከተማው ሰው እኩሌታው ተቀበረ። የተረፉት ተሰብስበው በመንገዱ ግራና ቀኝ ባላ ተከሉ፤ ከባላ ባላ አንድ ረጅም ሽመል አጋደሙና ሕግ አወጡ። ከውጭ የመጣ ሁሉ፣ የከተማው ተወላጅ እንኳ ቢሆን፣ ሰባት ቀን ከሽመሉ ማዶ በዋርካው ሥር ይቀመጣል። ምግቡና ውሃው በአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቀመጥለታል፤ ያስቀመጠው ሰው አርባ እርምጃ ሳይርቅ እንግዳው ከድንጋዩ አይደርስም። ከሽመሉ የወጣ ቅል አይመለስም፤ ይቃጠላል። ከቅል ወደ ቅል መገልበጥም ክልክል ነበር፤ በሽታው የሚንቆረቆረውን ውሃ ይዞ ሽቅብ ይወጣል ተብሎ ይታመን ነበርና። ሽመሉን ሳይፈቀድለት የተሻገረ ሰው ቤቱ ይቃጠላል።

የሽመሉ ጠባቂ እንየው የሚባል ወጣት ነበር። ያ ፈንጣጣ እናቱን፣ አባቱንና ሦስት ወንድሞቹን ወስዶ እሱን ብቻ አስቀርቶታል፤ ፊቱ ላይ ጠባሳው ነበረበት። ሕጉን ያወጡት ሌሎች ቢሆኑም ከልቡ የሚያምንበት ግን እሱ ነበር ይላሉ። ጭቃ ሹም ባይህ የተባሉት የከተማው ሹም ለዚህ ሥራ የመረጡትም ስለዚሁ ነው፤ «ይህ ልጅ የሚያዝንለት ዘመድ የለውም» አሉ። ወላጆቹንና ወንድሞቹን ብቻ ቆጥረው ተሳስተው ነበር፤ ደብሬ የምትባል ሚስትና ጥጌ የምትባል ልጅ ነበሩት።

ጥጌ በሞተችበት ዓመት ሚያዝያ ላይ የሙጪት ወንድም መጣ። ሙጪት ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ወንድሟን ካየችው አሥር ዓመት አልፏት ነበር። አዲስ ቅል ገዝታ፣ አጥና፣ ውሃ ሞልታ ብትመጣ እንየው ከሽመሉ አላሳልፍ አላት።

«አንድ ጊዜ ፊቱን ልዳስሰው፤ ከዚያ ብትፈልግ እኔንም ማዶ አስቀምጠኝ» አለችው።

«በሰባተኛው ቀን ትዳስሽዋለሽ፣ እቴ ሙጪት። ሕግ ነው።»

ወንድሟ ይህን ከማዶ ሰማ። እንደ ውሻ በድንጋይ ላይ ምግብ ሲቀመጥለት ሦስት ቀን ታግሦ በአራተኛው ጠዋት በመጣበት መንገድ ተመለሰ፤ ዳግመኛም አልታየም። ሙጪት ያልተጠጣበትን ቅል ይዛ ወደ ቤቷ ስትመለስ በእንየው ፊት ቆማ «ይህ ሽመል አንድ ቀን የአንተንም ቤት ያውቀዋል» አለችው። እንየው ሥራውን ሠርቷልና በዚያ ቀን ምሳውን በደንብ በላ ይባላል።

ያን ጊዜ ደብሬ ልጇን ይዛ ለአባቷ ተዝካር ወደ ደጋ ወጥታ ነበር። ግንቦት ገባ። ወንዙ ደረቀ፣ ውሃ ያለው ከሽመሉ ወዲህ ባለው ጉድጓድ ብቻ ሆነ፣ ጠዋት እንኳ መሬቱ እግር ያቃጥል ጀመር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ እንየው ከሩቅ ሁለት ሰዎች ሲመጡ አየ፤ እንደ ልማዱ ጥሩንባውን አንስቶ ነፋ። ሕዝቡ ወጣ። ሁሉም ከተሰበሰበ በኋላ ነው ከሁለቱ አንዷ እየዘለለች እንደምትመጣ ያስተዋለው።

«አባዬ!»

እጁ ወደ ሽመሉ ሄደ። ይህን ሁሉም አይቷል። ከኋላው የሙጪት ድምፅ መጣ፤ «ወንድሜን ስታቆም እጅህ ወደ ሽመሉ አልሄደም ነበር።»

ጭቃ ሹም ባይህም «ሰባት ቀን ምን አላት? እዚያው ሆና ታይሃለች፣ አንተም ታያታለህ» አሉ። ሰው ሳቀ። እንየው እጁን ራሱ መለሰ፤ ማንም አልያዘውም። ሽማግሌዎቹ ሲያወሩ ይህን አይዘሉትም።

ደብሬ ዕቃዋን በዋርካው ሥር አኖረች። ልጅቱ ግን ጨዋታ መሰላት። አባቷ ቆሞ ሲያያትና ሳይመጣ ሲቀር ሁለት እጆቿን በዓይኖቿ ላይ ከድና «ኩኩሉ!» አለች።

እንየው ዞር ብሎ ሰዉን አየና «አልነጋም!» ሲል መለሰላት።

«መቼ ነው የሚነጋው?»

«እኔ ነጋ ስልሽ።»

ከዚያ በኋላ በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ትጠራው ነበር። ኩኩሉ ስትል አልነጋም ይላታል፤ ትስቅና ወደ እናቷ ትሮጣለች። ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ። እንየው ጠዋትና ከሰዓት ውሃ በቅል ድንጋዩ ላይ እያስቀመጠ አርባ እርምጃውን ቆጥሮ ይመለሳል፤ ደብሬ ከጠጡ በኋላ ቅሉን ታቃጥላለች።

በሦስተኛው ቀን ልጅቱን አተኮሳት፤ አንገቷና ደረቷ ላይም ቀያይ ሽፍታ ወጣ። ከደጋ የወረደ ልጅ በግንቦት ቆላ ሲገባ ሙቀቱ እንዲህ ያለ ሽፍታ እንደሚያወጣበት በሽመል በር የማያውቅ እናት አልነበረም። በየዓመቱ በየቤቱ ይወጣል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ሲታጠብም ይጠፋል። በክንድ ርቀት ቢያዩት ኖሮ ማንም አይስተውም ነበር። ያዩት ግን ከአርባ እርምጃ ነው።

አንዱ «ፈንጣጣ!» አለ፤ ቃሉም ከተማዋን ዞረ።

ደብሬ ከማዶ ጮኸች፤ «የሙቀት ሽፍታ ነው! እንየው፣ ና እየው! ፈንጣጣን ከአንተ በላይ የሚያውቅ ማን አለ?»

እንየው ወደ ጭቃ ሹሙ ተመለከተ። «ካየሃት አትመለስም፤ ቤትህም ይነዳል» አሉት። እንየው እናቱን አስታወሰ፤ ወንድሞቹ በአንድ ጉድጓድ እንዴት እንደተቀበሩም አስታወሰ። ፈራ። ሰዎች ሌላ ምክንያት ሊሰጡለት ይሞክራሉ፤ እውነቱ ግን ልጁን ፈርቶ ነው።

አራተኛው ቀን ላይ ቅል አለቀ። ያለፈው ዓመት የቅል ተክል አልያዘም ነበር፤ የእንየው ቤት ቅሎችም ሁሉ ተቃጥለዋል። ማሰሮ ሊወስድ ቢያነሳ «ማሰሮ አይቃጠልም፣ በሽታ ይዞ ይቀራል» ተብሎ ተከለከለ። በየቤቱ ዞረ። አንዷ የእርሾዬ ማኖሪያ ነው አለችው፤ ሌላዋ ቅሏን በቀሚሷ ሸፍና የለኝም አለችው። በቀደም ከልጁ ጋር ሲጫወት የሳቁ ሰዎች በር ዘጉበት። አንድ አዛውንት «በእፍኝህ ውሰድላት፤ እፍኝህን ግን ማቃጠል እንዳትረሳ» ብለው ቀለዱበት፤ ቀልዱ ተወዶ ለብዙ ጊዜ ሲነገር ኖሯል ይባላል። በዚያ ቀን ከጠዋቱ በቀር ሌላ ውሃ ማዶ አልወጣም።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት የቀረው የሙጪት ቤት ብቻ ነበር። ሄዶ ከደጃፏ ቆመ። ሙጪት ግን ከግድግዳው ላይ ያን አዲስ ቅል አወረደች።

«ለወንድሜ የገዛሁት ነው። አፍ አልነካውም» አለችው። «እኔ እንደ አንተ አይደለሁም፤ ውሰደው። ግን ስትሄድ እንዳየህ እፈልጋለሁ።»

ውሃ ሞልቶ ወሰደው፤ እሷም ተከተለችው፤ ሰዉም ተከተለ። ድንጋዩ ላይ አኖረውና አርባ እርምጃ ቆጥሮ ተመለሰ፤ ሽመሉ ሆዱን እስኪነካው ተጠግቶ ቆመ።

«ደብሬ! ውሃው ወጥቷል!»

ደብሬ ከዋርካው ግንድ ተደግፋ ልጇን ታቅፋ ነበር። «መነሳት አልቻልኩም፤ አንተ አምጣው» አለችው።

ጭቃ ሹም ባይህ ከኋላው «እርምጃህን ጠብቅ» አሉት።

ጠበቀ። ደብሬ በአንድ እጇ ልጇን አቅፋ በጉልበቷ እየዳኸች መጣች። ከዋርካው እስከ ድንጋዩ ጤነኛ ሰው እስከ ሃያ እንኳ ሳይቆጥር ይደርሳል፤ እሷ ግን የዋርካው ጥላ ከድንጋዩ ላይ እስኪሸሽ ድረስ ቆየች። ሰው ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር። ቅሉን ለልጅቱ አፍ ስታስጠጋ ጥጌ ሁለት ጊዜ ተጎነጨች፤ ሦስተኛው ባገጯ ፈሰሰ። ከዚያ አንድ እጇን አነሳች፤ ዓይኗን ለመክደን ነበር፤ ግንባሯ ጋ ሳይደርስ ወደቀ።

«ኩኩሉ» አለች። የሰማት እናቷ ብቻ ናት የሚሉ አሉ፤ እንየው ግን ከንፈሯን አይቷል።

ሽመሉን ከባላዎቹ ላይ አንስቶ ጣለው። «ነጋ!» እያለ ሮጠ፤ «ነጋ፣ ጥጌ፣ ነጋ!» ጭቃ ሹሙ ቤቱን እንዲያቃጥሉ ሰው ላኩ። እንየው ሲደርስ ልጅቱ አልፋ ነበር። የቀሚሷን አንገት ከፍቶ ሽፍታውን በጣቱ ዳሰሰው። አላበጠም፣ ውሃ አልቋጠረም። በየግንቦቱ በጎረቤት ልጆች ላይ የሚያየው ነበር። ቆሞ ወደ ከተማው «ሙቀት ነው! ሙቀት ብቻ ነው!» ብሎ ጮኸ። ማንም አልቀረበም። ልጅቱን የገደላት ንዳድ ነው የሚሉ አሉ፤ ጥም ነው የሚሉም አሉ። ፈንጣጣ ነው የሚል ግን ዛሬ የለም።

መቃብሯን ከዋርካው ሥር ራሱ ቆፈረ፤ ከበስተኋላው ቤቱ ይጨስ ነበር።

እንየውና ደብሬ ሰባት ቀን ማዶ ተቀመጡ። ሙጪት በየጠዋቱ ውሃ እየወሰደች ከእጅ ወደ እጅ ትሰጣቸው ነበር፤ ማንም ደፍሮ አልከለከላትም። በስምንተኛው ቀን ደብሬ ወደ ደጋ ሄደች፤ እንየው እስከ መታጠፊያው ተከተላት እንጂ ተመለሺ አላላትም፤ እሷም ዞራ አላየችም። እሱም ሆነ ሙጪት ሳይታመሙ ሲቀሩ ከተማው ፈንጣጣ እንዳልነበረ ተረዳ። ጭቃ ሹም ባይህ በሹመታቸው ላይ ብዙ ዓመት ቆዩ፤ ሕጉን ያወጣው ሕዝቡ ነው ይሉ ነበር። ሽመሉን ግን ማንም መልሶ አላነሳውም፤ ወድቆ በነበረበት በሰበሰ።

እንየው ከዚያ በኋላ በባላዎቹ አጠገብ ጎጆ ቀልሶ ኖረ። ለመጣ ሁሉ ውሃ በቅል ይዞ ይወጣል፣ ቀድሞ ይጠጣል፣ አፉን ሳይጠርግ ይሰጣል። እሱ ሲሞት ሙጪት ቀጠለች፣ ከሙጪት በኋላ ጎረቤቶቿ፤ ዛሬ ሁሉም ያደርገዋል። ልጆች ግን በዋርካው ሥር ድብብቆሽ አይጫወቱም፤ የከለከላቸው ሰው የለም።

ለምን እንዲህ እንደሚደረግ የሚነግሩን ሽማግሌዎች ወደ ኋላ ተመልሰው የሚጨርሱት በዚያው በአምስተኛው ቀን ነው። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ሰው ሁሉ ገና ከማዶ ቆሞ ሳለ፣ ደብሬ ከድንጋዩ ላይ ቅሉን አነሳች። ከሥሩ ውሃ ቀርቶት ነበር። ወደ እንየው ዘረጋችለት።

«የልጅህ አፍ የነካው ነው» አለችው። «አሁንም ትፈራለህ?»

እንየው ቅሉን በሁለት እጁ ተቀበለ። አፉን አልጠረገውም። የቀረውን ጠጣ።