ሄዶ የማያውቀው የመስቀል ወፍ

ስህተት የሚፈራ አንድ ወጣት፣ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ በከተማ መሃል ባለ የአእዋፍ መጠለያ ወፍ ቆጣሪ ሆኖ ተቀጠረ። ስሙ ናሁሰናይ ነበር። ያየውን ሁሉ በየቀኑ ይመዘግባል፤ የመዘገበውንም ሦስት ጊዜ መልሶ ያያል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አለቃው ጠሩት። «በረግረጉ ዳር ያለውን ረጅም ሣር ነገ ልናሳጭደው ነው። መዝገብህ እዚያ ከድንቢጥ በቀር ወፍ የለም ይላል፤ ድንቢጥ ደግሞ የትም ይኖራል። ልክ ነው?»

«ልክ ነው» አለ። ሆኖም ለመጨረሻ ጊዜ ሊያይ ወደ ሣሩ ወረደ። እዚያም የበር ጠባቂዋን እትዬ ዘነቡን አገኛቸው።

«ምን ጠፍቶህ ነው?» አሉት።

«የመስቀል ወፍ መጥቶ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።»

እትዬ ዘነቡ ሳቁ። «መቼ ሄደና ይመጣል!»

«በዓመት አንዴ አይደል እንዴ የሚታየው? የጠፋ ሰው እንኳ የመስቀል ወፍ ይባላል።»

«እሱ ለሰው ነዋ! ወፉማ እዚሁ ነው። የዓውዳመት ልብሱን ሲያወልቅ አታውቁትም እንጂ። ያውልህ፣ ገና ለብሶ አልጨረሰም።»

ናሁሰናይ የሩቅ ማያ መነጽሩን ወደ ዓይኑ አነሳ። አንድ ቡናማ ወፍ ሣሩ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ድንቢጥ ብሎ ሊያልፈው ሲል አንገቱ ላይ ቀይ ላባ ብቅ ብቅ ማለቱን አየ። አጠገቡ ሌላ ነበር፤ ከዚያም ሌላ። ዐሥራ አንድ ወር ሙሉ ድንቢጥ እያለ የጻፈው እነዚህኑ ነበር።

ቢናገር ወፍ የማይለይ ቆጣሪ ተብሎ ሊባረር ነው፤ ዝም ቢል ነገ ሣሩ ከነጎጆአቸው ይታጨዳል።

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?»

«መች ጠየቅኸኝ? አንገትህን ደፍተህ ትገባለህ፣ አንገትህን ደፍተህ ትወጣለህ።»

ወጣቱ አፈረ። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳቸውና በቀጥታ ወደ አለቃው ሄደ። «ዓመቱን ሙሉ ተሳስቻለሁ። ያረሙኝ እትዬ ዘነቡ ናቸው» አለ።

«አሁንስ እርግጠኛ ነህ?»

«እኔንስ አይመኑኝ፤ ሄደን እንይ።»

ሄደው አዩ። ሣሩም ሳይታጨድ ቀረ፤ ናሁሰናይም ከሥራው አልተባረረም።

ደምቀው ብቅ የሚሉትን ለማመስገን ሁላችንም ፈጣኖች ነን። በየቀኑ አጠገባችን ያሉትን ግን፣ ልብሳቸው ስላልደመቀ ብቻ፣ እንደሌሉ እንቆጥራቸዋለን። ምስጋና የሚጀምረው ቀና ብሎ ከማየት ነው። እናንተስ፣ ዓመቱን ሙሉ አብሯችሁ ኖሮ እስከ ዛሬ ያላመሰገናችሁት ማንን ነው?