ከበሩ ኋላ የተሰቀለው ቋሊማ

አንድ አናጺ ሚስቱ ሞታበት ሁለት ልጆቹን ብቻውን ሲያሳድግ ከቆየ በኋላ አስካለ የምትባል ሴት አገባ። አስካለ ደግ ሴት ነበረች፤ ደግነቷ ግን ትንሽ ያስቸኩላት ነበር። ልጆቹ በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዲወዷት ፈለገች። ታናሹ ልጅ እህቱ የምታደርገውን ሁሉ የሚያደርግ ነበርና ነገሩ ያለው በአሥራ አንድ ዓመቷ በትርንጎ እጅ ነው። ትርንጎ አስካለን አትሰድባትም፣ አታስቀይማትም፤ ብቻ በስሟ ጠርታት አታውቅም። ከቀረበላት ምግብም ሁለት ጉርሻ ወስዳ "በቃኝ" ትላለች።

አስካለ አሰበችና "ልጅቷ የለመደችው የእናቷን እጅ ነው" አለች። ስለዚህ የሟቿን ድስት አወረደች፣ በሟቿ ማማሰያ አማሰለች፣ ሟቿ ቅመም ከየት ትገዛ እንደነበር አጠያይቃ ከዚያው ገዛች። ሽንኩርት ስታቁላላ ግማሽ ቀን ትውላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ የልጆቹ አክስት፣ የሟቿ ታላቅ እህት እትዬ ዘነቡ ይመጡና ወጡን ቀምሰው ጥቂት ያስባሉ።

"ትንሽ ይቀረዋል" ይላሉ። "እህቴ እንዲህ አልነበረም የምትሠራው።"

ምን እንደሚቀረው እሳቸውም የሚያውቁት አይመስልም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ስምንት ወር አለፈ። ትርንጎ ከሳች። አንድ ቅዳሜ እትዬ ዘነቡ የልጅቷን ክንድ ይዘው አዩና አናጺውን ገለል አድርገው፣ "የእህቴ ልጆች ዓይኔ እያየ አይመነምኑም። የዛሬ ሳምንት እመጣለሁ፤ ያኔም ካልበሉ ወደ ቤቴ እወስዳቸዋለሁ" አሉት። አናጺው አንገቱን ደፋ። አስካለ ጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ያን ሳምንት እንቅልፍ የሚባል በዓይኗ አልዞረም።

ቅዳሜ ደረሰ። አስካለ አንድ አውራ ዶሮ ገዝታ ግቢ ውስጥ እግሩን አሰረችው። ሽንኩርቱ ሲደርስ ጎረቤት ጠርታ ልታሳርደው አስባ በጠዋት የሟቿን ድስት ጣደች። ከዚያ ውኃ ማለቁን አየችና እሳቱን ቀነስ አድርጋ ወደ ቦኖ ሮጠች። ሰልፉ እስከ መንገድ ድረስ ነበር። ጄሪካኗን ተሸክማ ስትመለስ ሽንኩርቱ ከሰል ሆኖ ጠበቃት፤ ቤት ውስጥ የቀረውም አንድ ራስ ሽንኩርት ብቻ ነው። እትዬ ዘነቡ ሊደርሱ አንድ ሰዓት አይሞላም።

ቁጭ ብላ አለቀሰች። አልቅሳ ስትጨርስ ግን ልጆቹ ምሳ አለመብላታቸው ትዝ አላትና ተነሣች። ከበሩ ኋላ የአስካለ እናት የላኩላት ቋሊማ ተሰቅሏል። ከመጣ ወር ሆኖታል፤ "በዚህ ቤት ይሄ አይበላም" ብላ አልነካችውም ነበር። አውርዳ ቆራረጠችውና በራሷ ድስት ውስጥ በገዛ ስቡ ጠበስ ጠበስ አደረገችው። አንዷን ሽንኩርት፣ ሁለት ካሮት፣ ሦስት ድንች ጨመረች፣ ውኃ አፈሰሰችበት፣ መጨረሻ ላይ ጥቅል ጎመን ከተፍ ከተፍ አድርጋ ጣል አደረገችበት። እናቷ ከገበያ ደክመው ሲመለሱ ለልጆቻቸው ቶሎ የሚያደርሱት ሾርባ ነበር። አስካለም ግማሽ ሰዓት አልፈጀባትም።

ብዙም ሳይቆዩ እትዬ ዘነቡና አናጺው ተከታትለው ገቡ።

"ዶሮ ወጡስ?" አሉ እትዬ ዘነቡ ድስቱን ከፍተው።

"ዶሮው ግቢ ውስጥ ቆሟል፣ እትዬ። ሽንኩርቱ አረረብኝ። ዛሬ ያለኝ ይሄ ነው" አለች አስካለ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ሾርባው በየሳህኑ ተቀዳ። ትርንጎ አንድ ማንኪያ ቀመሰች። አስካለ "በቃኝ" እስክትል ትጠብቃለች። ልጅቷ ሁለተኛ ማንኪያ ወሰደች፣ ሦስተኛም ደገመች። ታናሹ ቀና ብሎ እህቱን አየና የራሱን ማንኪያ አነሣ። ትንሽ ቆይታ ትርንጎ ባዶ ሳህኗን ዘረጋች።

"አስኩ፣ ጨምሪልኝ።"

እትዬ ዘነቡ ሳህኑንና ልጅቷን እያፈራረቁ አዩ።

"እናትሽ እንዲህ ያለ ነገር ሠርታልሽ ታውቃለች እንዴ?"

"አታውቅም" አለች ትርንጎ። "የእማዬ ወጥ ሲሠራ ሽታው ከበር ይቀበለኛል። ስቀምሰው ግን የሷ አይደለም። ያኔ አለመኖሯ እንደ አዲስ ትዝ ይለኝና ጉሮሮዬ ይዘጋል። ይሄ የአስኩ ነው። ዝም ብዬ እበላዋለሁ።"

አስካለ ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች። ስምንት ወር ሙሉ ደረቷ ላይ የከበደው ነገር ሲወርድላት ተሰማት። ሳህኑን እስከ አፉ ሞላችው።

እትዬ ዘነቡ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና የራሳቸውን ሾርባ ቀመሱ። አናጺው ስምንት ወር የሰማው ነገር ምላሱ ላይ መጣበት።

"እሺ እትዬ፣ ትንሽ ይቀረዋል?"

"ይቀረዋል" አሉ። "ዳቦ የለውም። ሂድና ግዛ። ልጆቹ እዚሁ ቤታቸው ቁጭ ብለው ሲበሉ ልይ።"

የዚያን ቀን በዚያ ቤት እፎይ ያላለ አልነበረም፤ ግቢ ውስጥ ታስሮ የዋለው አውራ ዶሮ ሳይቀር።

አስካለ ስምንት ወር የደከመችው በሌላ ሰው ቦታ ለመቀመጥ ነበር። ቦታው ግን ባዶ አልነበረም። የሞተችው እናት በልጇ ልብ ውስጥ እንደተቀመጠች ናት፤ ማንም ሊያስነሣት አይችልም፣ ማስነሣትም አያስፈልግም። ለአስካለ የሚሆን ሌላ ቦታ ነበረ፤ እዚያ የደረሰችው የራሷን ይዛ የቀረበች ዕለት ነው። በችኮላ የተሠራ ተራ ሾርባ ቢሆንም የራሷ ነበርና ልጅቷ ከነስሙ ተቀበለችው።

እስቲ እናንተም ዞር በሉና እዩ፦ "በዚህ ቤት ይሄ አይበላም" ብላችሁ ከበሩ ኋላ የሰቀላችሁት ምንድን ነው?