ምሰሶ የቆረጠመው ሹም

ልጆች፣ ተጠጉ። እናንተ ትልልቆቹም አትፈሩ፤ ለእናንተም ይሆናል።

በድሮ ዘመን፣ ስሟ ከአፌ የጠፋ አንዲት አገር ነበረች። የሮም ንጉሥ ከባሕር ማዶ ሆኖ ይገዛታል። እዚያ አገር ሆዱ ወርቅ የሆነ ተራራ ነበር። ንጉሡ የወርቁን ሹም ሲፈልግ ማንን ቢሾም ጥሩ ነው? አያ ጅቦን! ሩቅ ያለ ንጉሥ ምን ያውቃል።

ቆፋሪዎቹ አባ ፍልፈልና ዘጠኝ ልጆቹ ናቸው። ተራራውን ከውስጥ ሲፈለፍሉ ጣሪያው እንዳይወርድባቸው የድንጋይ ምሰሶ ይተዋሉ። እመት ሽኮኮ ደግሞ የተራራው አናት ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ስንጥቅ ያየች እንደሆነ፣ «ተራራው አቃሰተ! ውጡ!» ትላለች። ያን ጊዜ ሁሉም እግሬ አውጪኝ ነው።

አንድ ቀን፣ «ተራራው አቃሰተ! ውጡ!» አለች። ፍልፈሎቹ ሊሮጡ ሲሉ አያ ጅቦ የዋሻው አፍ ላይ ተገተረ።

«ወዴት? ምሰሶው ውስጥ ወርቅ ሲብለጨለጭ አይቻለሁ። እሱን ሳታወጡ ንቅንቅ የለም!»

አባ ፍልፈል ልጆቹን አየ። ልለምነው ቢል ከንቱ ነው፤ ጅብ ለቅሶ ቤት ለመብላት እንጂ ለማዘን አይሄድም። ስለዚህ ራሱን እያከከ፣

«ጌታዬ፣ እውነትዎን ነው፣ ወርቁስ የትየለሌ ነው። እኔ ግን ልጆቼን አላምናቸውም» አለ።

«ምን ያደርጋሉ?»

«ይውጡታላ! ዘጠኝ ሆድ ማን ይፈትሻል?»

የአያ ጅቦ ጸጉር ቆመ። «ውጡልኝ! አንዳችሁንም እዚህ እንዳላያችሁ! በገዛ ጥርሴ አወጣዋለሁ!»

ፍልፈሎቹ ወጡ። ኧረ ወጡ ብቻ? በረሩ እንጂ!

አያ ጅቦ ምሰሶውን ቀርጠም፣ ቀርጠም።

«አያ ጅቦ፣ ተራራው አቃሰተ! ይውጡ!» አለች እመት ሽኮኮ።

«ያቃስት! ወርቄን ልትካፈይኝ ነው?» ቀርጠም፣ ቀርጠም።

«ኧረ ተሰነጠቀ! ይውጡ!»

«ይሰንጠቅ!» ቀርጠም፣ ቀርጠም።

«ኧረ ወረደ!»

«ይው...»

ድርምስ!

ተራራው ሲናድ፣ ወርቁን ከአፈር ለማጠብ ከላይ የተገደበው ውሃ ተለቀቀና አፈሩንም ሹሙንም ጠራርጎ አወረዳቸው። ወርቅ እንዲያጠልል ከተደረደረው የእሾህ ቁጥቋጦ ላይ አያ ጅቦ ተንጠልጥሎ ተገኘ፤ ጥርስ የለ፣ ጸጉር የለ። እንደዚያም ሆኖ፣ «ወርቄን ማን ወሰደው?» አለ።

አባ ፍልፈል ልጆቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰ፣ «እኔ የእኔን ይዤ ወጥቻለሁ፤ የእርስዎን ተራራውን ይጠይቁት» አለው።

እንግዲህ ልብ በሉ፦ ምሰሶውን የበላ፣ ጣሪያውን ተከናነበ።