አያ ጅቦ ከገደል ማሚቶ ጋር የተጣላ ዕለት

አንድ ጊዜ፣ አፈሩም ድንጋዩም እንደ በርበሬ በቀላበት በረሃ የሚኖሩ አራዊት በዓመት አንድ ቀን ተሰብስበው ለሽርሽር ይወጡ ነበር። በዚያች ቀን አዳኝ አያድንም፤ ታዳኝም አይሸሽም። ደንቡን ያወጣው ንጉሡ አያ አንበሶ ነው። «ዓመቱን ሙሉ ስንሯሯጥ አገራችንን መቼ አየናት?» ብሎ ነው ያወጣው።

የሚሄዱት ወደ ንፋስ በር ነበር። ንፋስ በር ትልቅ ቀይ ዐለት ነው፤ ንፋስ ለዘመናት ቦርቡሮ መሐሉን ስላሾለከው እንደ ቀስተ ደመና ተቆልምሞ ቆሟል። እዚያ የደረሰ ሰው በረሃውን ከዳር እስከ ዳር ያያል ይባላል፤ አውሬም ያያል።

በዚያም ዓመት ስንቁን የተሸከመችው እመት አህይት ነበረች። በግራዋ ቋንጣ፣ በቀኟ ተምርና ማር፣ ከላይ ደግሞ የውሃ ቅሎች ተጭነዋል። ቋንጣው የማን ሥጋ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም፤ የሽርሽር ቀን ነዋ! እመት አህይት በጭነቱ አላማረረችም። መንገድ ትወዳለች። አዲስ ዱካ ስታይ ጆሮዎቿ ቀጥ ይላሉ፤ ከመታጠፊያው ወዲያ ያለውን ሳታይ ልቧ አያርፍም።

ጠዋት ሁሉም ሲሰበሰቡ አያ አንበሶ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ዛሬ ማንም ማንንም አይበላም!» አለ።

አያ ጅቦ መዳፉን አነሣ። «መክሰስም ይቆጠራል?»

«ይቆጠራል!»

«እኔማ ለማወቅ ያህል ነው» አለ። ዓይኑ ግን ከእመት አህይት ዳሌ አልተነቀለም።

ይህን ዓይን እመት ቀበሮ አየችው። እሷ ደግሞ ስትመኝ ያደረችው ቋንጣውን ነበር። ቀስ ብላ ተጠጋችና በጆሮው አንሾካሾከች።

«አያ ጅቦ፣ ያቺን ዳሌ አየሃት?»

«ከነጋ ሌላ ምን አየሁ!»

«እንግዲያው ስማኝ። ወደ ንፋስ በር ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በሸንተረሩ ጀርባ ይሄዳል፤ እዚያ ሁሉም ያይሃል። ሌላው በስንጥቁ ገደል ውስጥ ነው። ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ረጅም ነው፤ አንበሳ ይቅርና አሞራም አያይህም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አንተ አህይትን፣ እኔ ስንቁን።»

አያ ጅቦ አሰበ። ማሰብ ስለማይወድ ቶሎ ጨረሰ። «ስንቁ ውስጥ ቋንጣ የለም እንዴ?»

«ሙሉ አህያ እያለልህ ስለ ቋንጣ ታወራለህ?»

«እሱስ እውነትሽን ነው። ብቻ ምስጢሩን ለማንም እንዳትነግሪ!»

እመት ቀበሮ «ይህን ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ» ብላ በሆዷ እየሳቀች ወደ አያ አንበሶ ሄደች። «ንጉሥ ሆይ፣ እመት አህይት ጭነት በዝቶባታል፤ ሸንተረሩም ዳገት ነው። በስንጥቁ፣ በጥላው በኩል ብትሄድ ይሻላታል። አያ ጅቦ ያጅባታል። እኔም ቀድሜ ሄጄ መንገዱን አስተካክልላታለሁ።»

እማማ ኤሊ ከኋላ አንገቷን ብቅ አደረገች። «ስንጥቁ ውስጥ ሰማዩ እንደ ክር ነው የሚታየው። ዝናብ ቢመጣ በምን ታውቃለች?»

«ዝናብ? እስቲ አንዲት ደመና አሳዪኝ!» አለች እመት ቀበሮ። እውነትም ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር።

«አያ ጅቦ፣ ትምላለህ?» አለ አያ አንበሶ።

«በሆዴ እምላለሁ!»

አያ ጅቦ ከሆዱ የሚበልጥበት ነገር እንደሌለ ሁሉም ስለሚያውቅ መሐላው ታመነ።

እናም የቀሩት በሸንተረሩ ሲወጡ፣ እመት አህይትና አያ ጅቦ ስንጥቁ ውስጥ ገቡ።

እመት አህይት ገና ጥቂት እንደሄደች ቆመች። እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። የገደሉ ግድግዳ እንደ ተጣጠፈ ነጠላ ሞገድ ሠርቷል፤ ታቹ እንደ ደም ቀይ፣ መሐሉ ብርቱካን፣ ላዩ ደግሞ ፀሐይ ስታገኘው የወርቅ ቀለም ነበረው። ከእግራቸው ሥር አሸዋው ቀዝቃዛ ነው።

«አያ ጅቦ፣ ና እስቲ!» አለች። «ይህን ግድግዳ ዳብሰው። እንደ ሐር ይለሰልሳል!»

አያ ጅቦ ግራ ገባው። ዕድሜውን ሙሉ «ሂድ!» እና «ጥፋ!» እንጂ «ና» ያለው አልነበረም። አፍንጫውን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። ይቀዘቅዛል፤ ይለሰልሳል።

«እህ» አለ። «ደስ ይላል።»

ትንሽ ቆይቶ ግን ሆዱ ጮኸና የመጣበትን ነገር አስታወሰው። ከፊታቸው ገደሉ ሰፋ ብሎ ክብ ሠርቶ ነበር። እዚህ ይሻላል ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እህም!»

«እህም!» አለ ሌላ ድምፅ ከወዲያ ማዶ።

የአያ ጅቦ ጠጉር ቆመ። «ማነው?»

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጅቡ!»

«ጅቡ!»

አያ ጅቦ የገደል ማሚቶ የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። እኔን የመሰለ ሌላ ጅብ ቀድሞኝ መጥቷል ብሎ ደሙ ፈላ።

«እኔ አህይትን ልበላ መጣሁ!»

«ልበላ መጣሁ!»

«አህይት የእኔ ናት!»

«የእኔ ናት!»

«ቀበሮ የሰጠችው ለእኔ ነው! አንተ ማን ነህ?»

«ማን ነህ?»

እመት አህይት ባለችበት ደርቃ ቀረች። አብሯት ግድግዳውን ሲዳብስ የነበረው አጃቢዋ ሊበላት መጥቷል!

ጩኸቱን የሰማችው ግን እሷ ብቻ አልነበረችም። ገደሉ ቃሉን እያጎላ ወደ ላይ ሰደደው። በሸንተረሩ ላይ የነበሩት ሁሉ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«አህይትን ልበላ አለ!» ብላ እመት ጦጢት ወደ ገደሉ አፋፍ ሮጠች። ቁልቁል ልታይ ስታጎነብስ ግን ሌላ ነገር ዓይኗ ውስጥ ገባ። ከሩቅ፣ ከደጋው ጫፍ ላይ ሰማዩ ጠቁሯል። እዚያ የዘነበው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ፣ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ወደ ስንጥቁ ይምዘገዘጋል።

«ጎርፍ!» ብላ ጮኸች። «እመት አህይት፣ ጎርፍ መጣብሽ! ውጪ!»

ረጅም ጆሮ ለዚህ ጊዜ ነው። እመት አህይት ሰማች። በግራዋ በኩል ወደ ሸንተረሩ የምትወጣ ጠባብ የድንጋይ እርከን ነበረች፤ ከነጭነቷ ዘላ ወጣችባት። ከዚያ ዞራ አየች። አያ ጅቦ አሁንም ከግድግዳው ጋር ይጨቃጨቃል።

«አያ ጅቦ፣ ውጣ! ጎርፍ ነው!»

«ዝም በይ! መጀመሪያ ይህን ሌባ ልሸኝ!»

«ልሸኝ!» አለ ግድግዳው።

«ሰማሽው? እኔን ሊሸኝ!»

መሬቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እመት አህይት ትታው ብትሄድ ማንም አይፈርድባትም ነበር፤ «የእጁን አገኘ» ይባል ነበር። እሷ ግን ትዝ ያላት ያ አፍንጫ ነው፤ ግድግዳው ላይ አርፎ «ደስ ይላል» ያለው። ወደ ታች ወረደች። ጀርባዋን ሰጠችውና በጅራቷ ፊቱን ሾጥ አደረገችው።

«አያ ጅቦ! ዳሌዬ እየሄደብህ ነው!»

ከዚያ ሮጠች። አያ ጅቦ ጠቡንም ጠበኛውንም ረስቶ ከኋላዋ ተፈተለከ። እሷ እርከኑን ስትወጣ እሱም ይወጣል፤ እሷ ስትዘል እሱም ይዘላል። ጥርሱ ጅራቷ ሥር «ቀጭ! ቀጭ!» ይላል። ከእርከኑ ጫፍ ላይ ደርሳ ጥበቱ ከነጭነቷ አላሳልፍ ሲላት፣ እሱም ሊነክስ አፉን ሲከፍት፣ ከሥራቸው እንደ መቶ በሬ የሚያገሳ ውሃ አለፈ። ቅድም የቆሙበት አሸዋ ጠፋ፤ ገደሉ በቀይ ጎርፍ ሞላ።

አያ ጅቦ አፉን እንደከፈተ ወደ ታች አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ገጠመው።

«እዚያ ነበርኩ» አለ።

«ነበርክ» አለች እያለከለከች።

«ያኛው ጅብስ?»

«እሱ አይሰምጥም። ለእሱ አታስብ።»

አያ አንበሶና ሌሎቹ ከሸንተረሩ እየተንደረደሩ ወርደው ደረሱ። አያ አንበሶ ጎፈሩ ቆሞ መዳፉን በጅቡ ላይ ሲያነሣ፣ «ኧረ በፈጠራችሁ!» የሚል ጩኸት ከታች ተሰማ። እመት ቀበሮ ናት! ከመታጠፊያው ወዲያ ተደብቃ ስንቁን ስትጠብቅ ጎርፉ ጠርጎ አመጣት። አሁን ከእርከኑ ሥር የወጣ የግራር ሥር ይዛ ተንጠልጥላለች። ያ የምትኮራበት ጅራቷ ረጥቦ ገመድ መስሏል።

«ጠፍሩን ፍቱት!» አለች እመት አህይት።

እመት ጦጢት የጭነቱን ጠፍር ፈታች። የቋንጣው ከረጢት ተንሸራቶ ውሃው ውስጥ ገባና በእመት ቀበሮ አፍንጫ ሥር ሽው ብሎ አለፈ። እመት ቀበሮ በዓይኗ ሸኘችው፤ ሥሩን ብትለቅ እሷም አብራው መሄዷ ነው።

ጠፍሩን ወረወሩላት። የላይኛውን ጫፍ አያ ጅቦ በጥርሱ ያዘ፤ ጅብ ከነከሰ የሚያስለቅቀው የለም። ጎተታት፣ ጎተታት። እግሯ ከውሃው ሲወጣ እመት ቀበሮ ነፍሷ መለስ አለላት፤ ተንኮሏም አብሮ ተመለሰ። አያ አንበሶን ሰረቅ አድርጋ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አያ ጅቦዬ፣ ጠዋት የተባባልነውን ለማንም አታወራም አይደል?»

አያ ጅቦ ሊመልስላት አፉን ከፈተ። «የቱን? አህይትን ብላት ያልሽኝን?»

ጠፍሩ ከአፉ ወጣ። እመት ቀበሮ «ጧ!» ብላ ውሃው ውስጥ ገባች። ደግነቱ እመት አህይት የጠፍሩን ጫፍ በኮቴዋ ረገጠችው።

ከዚያ ዘግይታ የደረሰችው እማማ ኤሊ ሳቀች። እመት ጦጢት ሆዷን ይዛ ተንፈራፈረች። አያ አንበሶ ቁጣውን ሊይዝ ታገለ፣ ታገለ፣ በመጨረሻ እሱም ገደሉን የሚያናጋ ሳቅ ሳቀ።

«ሁለተኛ ወሬ እንዳትጀምሪኝ!» አለ አያ ጅቦ። ጠፍሩን እንደገና ነክሶ አወጣት።

አያ አንበሶ ሳቁ ሲያልፍለት ፈረደ። «አያ ጅቦ፣ የውሃ ቅሎቹን ትሸከማለህ። እመት ቀበሮ፣ አንቺ ተምርና ማሩን ትሸከሚያለሽ፤ የምትሄጂው ደግሞ ከእማማ ኤሊ ኋላ ኋላ ነው። መቅደም የለም!»

«ንጉሥ ሆይ፣ እማማ ኤሊ እኮ...» አለች እመት ቀበሮ።

«እኔ አበባ እያየሁ ነው የምሄደው» አለች እማማ ኤሊ። «እንዳታጣድፊኝ።»

ከሰዓት በኋላ ንፋስ በር ደረሱ። እመት አህይት በሽርሽር ቀን ያለ ጭነት መንገድ ሄዳ አታውቅም ነበር። ጀርባዋ ቀለላት፤ ክንፍ ያወጣች መሰላት። ከቅስቱ ሥር ቀይ አሸዋ ስታይ አልቻለችም፤ በጀርባዋ ተጋድማ ተንከባለለች። ከኋላዋ ግን ቁልቁለት መሆኑን አላየችም። ሸርተት አለች። አራት እግሯን ወደ ሰማይ እንደሰቀለች «ሃእእእ!» እያለች እስከ ታች ወረደች።

ሁሉም ደንግጠው ከላይ አዩ። እመት አህይት ተነሣች፤ አሸዋውን ከጆሮዋ አራገፈች።

«እንደገና!» አለች።

ከዚያ በኋላ ማን ይቆማል? እመት ጦጢት በሆዷ፣ ሰጎን በእግሯ፣ ከርከሮ እንደ ኳስ እየተንከባለለ ወረዱ። አያ አንበሶ ብቻ ከላይ ቆሞ፣ «ንጉሥ አይንሸራተትም» ይል ነበር። ቆየና ወደ ግራ አየ፤ ወደ ቀኝም አየ። ከዚያ ጅራቱን አጥፎ ተቀመጠና ሲወርድ ጎፈሩ ወደ ኋላ፣ ግሳቱ ወደ ፊት ሆነ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እማማ ኤሊ ብቅ አለች፤ ከኋላዋም እመት ቀበሮ። የመጀመሪያዋ ተምር ለእመት ቀበሮ እንድትሰጥ ያዘዘችው እመት አህይት ናት።

አያ ጅቦ ግን ራቅ ብሎ ተቀምጦ ነበር። እመት አህይት መጥታ አጠገቡ ቆመች።

«ለምን ተመለስሽልኝ?» አላት። «ልበላሽ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ። ግን ያን ሁሉ ውበት አብሮኝ ያየው አንተ ብቻ ነህ። አንተ ብትሞት ከማን ጋር አወራዋለሁ?»

አያ ጅቦ አሰበ። አሁን ግን ቶሎ አልጨረሰም።

«ነገ እኮ የሽርሽሩ ቀን ያልፋል» አለ በመጨረሻ፣ እንዳፈረ።

«ነገ እሮጣለሁ» አለች እመት አህይት ጆሮዋን አቁማ። «ዛሬ ግን ና፣ እንንሸራተት!»

አያ ጅቦ ተነሣ። ጎን ለጎን ሆነው ወረዱ፤ ከሁለቱ ማን የበለጠ እንደጮኸ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ከዚህ የምንማረው፣ በመንገድ ጓደኛው ላይ ተንኮል የሚሸርብ ቀድሞ ራሱ እንደሚወድቅበት፣ ክፉ ያሰበበትን እንኳ ከጥፋት የሚያወጣ ግን ደስታውን የሚካፈለው እንደማያጣ ነው።