ባለ ጅራቷ ጸሐፊና ሦስቱ ወንበሮች

ተረቴ መጣ፣ ጆሮ ይምጣ!

ድሮ፣ እንስሳትና ዕቃዎች በሚነጋገሩበት ዘመን፣ እመት ጉሬዛ የአንበሳ ችሎት ጸሐፊ ነበረች። ከሳሽ ሲናገር፣ ተከሳሽ ሲመልስ፣ እሷ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ኮምፒውተሯን ቀጭ ቀጭ ታደርጋለች። ውሎ ሲያድር ወገቧ ተያዘ፣ አንገቷ ደደረ። አንድ ጠዋት ከዛፍ ዛፍ ስትዘል ዘጭ ብላ ወደቀች።

ጉሬዛ ከዛፍ ወደቀች! ጎረቤቶቿ አለቀሱ። እሷ ግን ጠየቀች፦ «የጣለኝ ወገቤ ነው። ወገቤንስ ማን ያዘው?» ብታስብ ብታስብ፣ ድንጋዩ ሆኖ አገኘችው። ወንበር ፍለጋ ገበያ ወረደች።

አንድ የቆዳ ወንበር ገና ከሩቅ ጠራት። «ይቀመጡብኝ እመቤቴ! ንጉሥ ቢያየኝ ይቀናል!»

ተቀመጠች፤ ሰመጠች። እግሯ ተንጠለጠለ፣ ጅራቷ ታፈነ።

«ጅራቴን የት ላድርገው?»

«እሱን እርስዎ ይወቁበት!»

ተነሣች።

በርጩማ ደግሞ ጮኸ። «ነይ ወዲህ! ቅድመ አያቶችሽ መደገፊያ ያውቁ ነበር?»

ተቀመጠች። ጅራቷ ነፃ ወጣ፤ ጀርባዋ ግን እንደ ማጭድ ጎበጠ።

«ጀርባዬስ?»

«ቻይው!»

«ችዬማ ነው የወደቅሁት» ብላ ተነሣች።

ጥግ ላይ አቧራ የለበሰ ወንበር ዝም ብሎ ቆሟል።

«አንተስ አትጠራኝም?»

«ተቀመጪና መጀመሪያ ልጠይቅሽ። እግርሽ መሬት ይነካል?»

«አይነካም።»

ሲጥ ብሎ ዝቅ አለ። «አሁንስ?»

«ነካ!»

«ወገብሽን ደገፍኩት?»

«ትንሽ ቀረህ።»

መደገፊያውን ገፋ አደረገ። «ክንድሽስ አረፈ?»

«አረፈ።»

«ጅራትሽስ?»

ጅራቷ ከመደገፊያው ሥር ባለው ክፍተት ሹልክ ብሎ ወጣ። እመት ጉሬዛ ከት ብላ ሳቀች። «ከእንግዲህ ቀኑን ሙሉ ካንተ ላይ አልነሣም!»

«እንዲያ ከሆነ አትውሰጂኝ» አላት ወንበሩ። «በየመሐሉ ካልተነሣሽ እኔም አሳምምሻለሁ።»

እመት ጉሬዛ ትክ ብላ አየችው። በዚያ ሁሉ ገበያ የራሱን ጉድለት የሚናገር ዕቃ አላየችም። ልቧ ረጋ፤ እየገፋች ወሰደችው።

በችሎት መሐል ብድግ ስትል አንበሳ አጉረመረመ። «ጸሐፊ ምን ያስነሣታል?»

«ጌታዬ፣ እኔ ከጎበጥኩ ጽሑፉም ይጎብጣል።»

አንበሳ አሰበበት፤ ከዙፋኑ ወርዶ እሱም ተንጠራራ። ከሳሽም ተከሳሽም ተከትለው ተንጠራሩ። ክረምቱ ሳይወጣ የጉሬዛ ወገብ ተፈታ።

ስለዚህ ልጆች፣ «ምቹ ነኝ» ከሚል «ተመቸሁሽ ወይ?» የሚል ይሻላል። ተረቴ አለቀ፤ በሉ ተነሡና እናንተም ወገባችሁን አፍታቱ!