ፍሪምባ ባሕር ሲሻገር

አንድ ቀን፣ የመስቀል ለት ጠዋት ነው፣ የሰፈሩ ሰዎች ቅርጫ ገብተው በሬያቸውን ጣሉና ሥጋውን ቅጠል ላይ መደብ መደብ አድርገው ደረደሩት። ፍሪምባው ብቻ ቢቆራርጡት ለሁሉ አልበቃ ሲል አንዱ መደብ ላይ ጣል አደረጉትና «ዕጣ ይወቀው» አሉ። ሕጉ የታወቀ ነው፤ ዕጣ ሲወጣ ያልነበረ ሰው የተረፈውን መደብ ያነሳል።

የሽብሩ ዓይን ፍሪምባው ላይ ቀረ። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ ፍሪምባ አምሯት «ሳትይዝ እንዳትመጣ» ብላዋለች።

ጋሽ ይርዳው ግን ዕጣ የሚባል ነገር አይወዱም። ዕድሜያቸውን ወደብ ላይ ሲያስተረጉሙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የማያውቁት ቃል የለም። አምና «ሻኛ ማለት በጥንት ቋንቋ የሽማግሌ ድርሻ ነው» ብለው ሻኛውን አንጠልጥለው ሲሄዱ የሚከራከራቸው ጠፋ።

«ስሙኝማ» አሉ ዘንድሮም፣ ለዕጣ የቆረጧትን እንጨት እያወዛወዙ። «ፍሪምባ እንዲያው ዝም ብሎ የመንዝ ቃል እንዳይመስላችሁ። ትርጉሙ የአዋቂ ድርሻ ማለት ነው። የሚገባው ለኔ ነው።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ሽብሩ ግን ጠጋ አለና፣ «ከየት መጣ ይላሉ ጋሼ?» አላቸው።

«ከየመን ነዋ።» ጎንበስ ብለው በእንጨታቸው አፈሩ ላይ የመንን ሣሉ። «እዚያ የእንግዳ ድርሻ ይሉታል።»

«ከየመን በፊትስ?»

«ግብፅ። የዳኛ ድርሻ።»

«እሺ፣ ከግብፅስ ወዲያ?» ይላል ሽብሩ፤ በጀርባው በኩል እጁን ለሰዉ ያወናጭፋል፣ ዕጣውን ቶሎ አውጡ ማለቱ ነው።

ጋሽ ይርዳው ባሕሩን ተሻገሩ። ቱርክን ሣሉ፣ ግሪክ ገቡ፣ እዚያ ደግሞ ሁለት ትርጉም አገኙለት። ሰዉ እስከዚያው እንጨት እንጨቱን ሰብስቦ ለአንዲት መንገደኛ ሴት ሰጣት፤ እሷም የማን የማን እንደሆነ ሳታውቅ በየመደቡ ላይ ጣል ጣል አደረገችው። የሽብሩ እንጨት ፍሪምባው ላይ አረፈች።

ጋሽ ይርዳው ወገባቸውን ይዘው ቀና ሲሉ፣ አጥንት የበዛበት አንድ መደብ ብቻውን ተጋድሟል።

«እንዴ፣ ያለ እኔ ዕጣ ታወጣላችሁ?»

«ሕጉን ያውቁት የለም ጋሼ» አለ ሽብሩ፤ «ያልነበረ ሰው የተረፈውን ያነሳል።»

«ያልነበረ ትለኛለህ አንተ? ከዚህች ንቅንቅ አላልኩም።»

ሽብሩ ፍሪምባውን በቅጠል እየጠቀለለ፣ «ኧረ ጋሼ» አለ፣ «የመን ድረስ ሸኝተንዎ አልነበር? ይኸው አሁን ከግሪክ መመለስዎ ነው። እንኳን ለአገርዎ አበቃዎ።»