በበዓለ ሃምሳ የጾመችው ልጅ

አንዲት እናት ነበረች፤ ልብስ ሰፊ። ከዚህ በማትርቅ ከተማ፣ በረንዳዋ ላይ የስፌት መኪናዋን አስቀምጣ፣ የሰውን ልብስ ስታጠብብና ስታሰፋ የምትውል። ስሟ ደጊቱ ነው። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ይገኛል። አንድ ልጅ አለቻቸው፤ ቤርሳቤህ፣ ዐሥራ አምስት ዓመቷ።

ቤርሳቤህ የሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ መቺ ናት። ወገኖቼ፣ ከበሮ የሚመታ ብዙ ነው፤ ከበሮ የሚያናግር ግን ስንት አለ? ይህቺ ልጅ ታናግረዋለች። ቤት ውስጥ ከበሮ ስለሌለ ባዶ ጄሪካን ይዛ አጥሩ ሥር ትቀመጥና፣ ከትምህርት ቤት መልስ እስኪመሽ ትለማመዳለች። ድም ድም፣ ድም ድም። እናቷ "ኧረ ጥናትሽ!" ትላለች። እሷ መች ትሰማና!

ከአጥሩ ወዲያ ማን አለ? እትዬ በለጡ። እትዬ በለጡን ታውቋቸዋላችሁ፤ በየሰፈራችሁ አንድ አሉ። ዶሮ ጮኸ ብለው ይቆጣሉ፣ ሕፃን አለቀሰ ብለው ይቆጣሉ፣ ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ጮኸ ብለው ይቆጣሉ። አትሳቁ፤ ከእናንተም መሐል እትዬ በለጡ ሳይኖሩ አይቀሩም። ጄሪካኑ ሲጀምር እሳቸውም ከአጥር ወዲያ ይጀምራሉ፤ "አንቺ ልጅ! ጆሮዬን አደነቆርሽው! ሰው የለሽም ወይ?"

ከዚያ ኮሮና መጣ።

በዐቢይ ጾም መካከል መጣ፤ ታስታውሳላችሁ። ትምህርት ቤት ተዘጋ። ሰንበት ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። ጓደኛ ጓደኛውን ከሩቅ በእጁ ብቻ ሰላም ብሎ የሚያልፍበት ጊዜ ሆነ። ደጊቱን ግን ሥራ አጣደፋት። ከተማው ሁሉ ማስክ ፈለገ፤ እሷም ጎንበስ ብላ ትሰፋለች፣ ቀና ብላ ትቆርጣለች፣ ደግሞ ትሰፋለች።

ጄሪካኑ ዝም አለ። ማን ይደንቀዋል? በዐቢይ ጾም ከበሮ አይመታም፤ ሥርዓታችን ነው። "ልጄ ጾሙን አከበረች" አለች እናት።

ልጅቷ ምግብ ቀነሰች። ማን ይደንቀዋል? ጾም ነው። ከጓዳ አልወጣ አለች። ማን ይደንቀዋል? ውጡ ያለ የለ፤ ሁሉም ቤታችሁ ተቀመጡ ይላል። አንገቷን ደፋች፣ ድምፅዋ አነሰ፣ ሲጠሯት ቶሎ አትመልስም። ያ ሁሉ ሳቋ፣ ያ ሁሉ ጨዋታዋ የት ሄደ? የጠየቀ የለም። እንዲያውም ማስክ ሊገዛ የሚመጣው ሁሉ ያመሰግናታል፤ "ደጊቱ፣ ታድለሽ! ልጅሽ እንዴት አደብ ገዛች! የኛዎቹ ጉድ አፈሉ፣ ያንቺዋ መነኩሴ ሆነች።"

ደጊቱ ደስ አላት። እውነቴን ነው፣ ደስ አላት! እናት ልጇ ስትመሰገን ምን ትሁን? እሷም ማመስገን ጀመረች። ልጅቷ ያልተነካ ሳህን ስትመልስላት ግንባሯን ትስማታለች፤ "ተባረኪ የኔ ልጅ። ስለ ወረርሽኙ ብለሽ ነው አይደል? ስእለት አለብሽ አይደል?" ልጅቷ ቀና ብላ ታያታለች። እናት ዝምታውን እንደ አዎንታ ቆጠረችው።

ወገኖቼ፣ ልጅ ሲታመም እናት አታውቅም ወይ? ታውቃለች። ትኩሳት ቢሆን በእጇ ዳስሳ ታውቅ ነበር። ሳል ቢሆን ከመኪናዋ ድምፅ በላይ ትሰማው ነበር። ይሄኛው ሕመም ግን የጨዋ ልጅ ልብስ ለብሶ ገባ። እንግዲህ ማን ያስወጣው? እኛ እኮ ዝም ያለች ልጅ ስናይ ምን ሆነች ከማለት ይልቅ እንዴት ታድላ ማለት ይቀናናል!

ፋሲካ ሆነ። በየቤቱ ዶሮው ተሠራ፣ ዳቦው ተቆረሰ። ቤርሳቤህ አንድ ጉርሻ በግድ ዋጠችና ተነሣች። በማግስቱም እንዲሁ። በሳምንቱም እንዲሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ እትዬ በለጡ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው በረንዳው ድረስ መጡ። ደጊቱ ሰጋች፤ ምን አጠፋን ብላ።

"ደጊቱ፣ ያቺ ልጅሽ ምን ሆነች?"

"ምንም አልሆነች እትዬ። ደኅና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ጄሪካኑስ?"

"ይቅርታ ያድርጉልን፤ ድሮ እንኳ አስቸግረንዎታል። አሁን አደብ ገዝታለች።"

"አደብ? ስሚኝማ። በጾሙ ዝም ስትል ሥርዓቱ ነው ብዬ ተውኩት። በፋሲካ ግን ጠበቅኳት። በጠዋቱ ወንበሬን አጥሩ ሥር አውጥቼ፣ ልቆጣት ተዘጋጅቼ ጠበቅኳት። ዝም። በዳግም ትንሣኤም ጠበቅኳት። ዝም። እኔ የምቆጣው አጥቼ ሞትኩልሽ!"

"ትጾማለች እኮ እትዬ። ስእለት አለባት መሰለኝ።"

እትዬ በለጡ ማስኩን ከአገጫቸው አወለቁት።

"ትጾማለች? አንቺ ሴት፣ አሁን እኮ በዓለ ሃምሳ ነው! ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ቄሱ አይጾሙ፣ መነኩሴው አይጾም፤ ልጅሽ የምትጾመው የማንን ጾም ነው?"

የማንን ጾም ነው? ደጊቱ እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሣች። መኪናው ቆመ። መኪናው ሲቆም ቤቱ ውስጥ ያለውን ዝምታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማችው። ደነገጠች።

ጓዳ ገባች። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። አጠገቧ ቁጭ አለችና፣ "ቤርሳ፣ እውነቱን ንገሪኝ። የማን ጾም ነው?" አለቻት።

"ጾም አይደለም፣ እማ።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"አላውቅም። ምግቡ አይወርድልኝም። ጄሪካኑን አነሣዋለሁ፣ እጄ አይታዘዘኝም። አንቺ ደግሞ ሰው ፊት ስታመሰግኚኝ... አፍሬ ዝም አልኩ።" ቀጥላም፣ "ማታ ስተኛ ባይነጋ እያልኩ ነው የምተኛው፣ እማ" አለች።

ይህን የሰማች እናት ምን ትሁን? እቅፍ አደረገቻት እንጂ! መራራቁንም፣ ማስኩንም፣ ሁሉንም ረስታ እቅፍ አድርጋ አለቀሰች። እትዬ በለጡ በሩ ላይ ቆመው ነበር። "ለቅሶው ይቆየን፤ ነጠላሽን አምጪ" አሉ።

መጀመሪያ ወደ ንስሐ አባቷ ሄዱ። ቄሱ በጥሞና አደመጡ፤ መስቀላቸውን ዘረጉና ጸለዩላት። ከዚያ ምን አሉ መሰላችሁ? "ይህ ጾም አይደለም፣ ሕመም ነው። እኛ እንጸልያለን፣ ጸበሉም አለ። እናንተ ግን ዛሬውኑ የአእምሮ ሐኪም ጋ ውሰዷት፤ ሐኪሙንም የሰጠን እግዚአብሔር ነው።"

ደጊቱ መንገድ ላይ ቆም አለች። "እትዬ፣ የአእምሮ ሐኪም ጋ ገባች ሲሉ... ልጅቷ አበደች ይሉብኛል።"

"ይበሉ! ጆሮ አለሽ አይደል? ትሰሚዋለሽ። ልጅሽ ግን ትኖራለች።"

ገቡ። ሐኪሟ ሕመሙ ድብርት እንደሚባል፣ በዚያ የመዘጋት ወራት ብዙ ልጃገረዶችን እንዳገኛቸው፣ እንደሚታከምም ነገረቻቸው። የምትታከምበትን አዘዘችላት፤ እየተመላለሰችም እንድታነጋግራት አደረገች። ልጅቷን አንድ ነገር ጠየቀቻት፤ "ያ ባይነጋ የምትይው ሐሳብ ሲመጣ ለማን ትነግሪያለሽ?" ልጅቷ ወደ እናቷ አየች። ቀጥላ ወደ እትዬ በለጡ አየች። ሐኪሟ ሁለቱንም፣ ሌሊትም ቢሆን ሊሰሟት፣ እሺ አስባለቻቸው።

በአንድ ቀን ተፈወሰች ብዬ አልዋሻችሁም። ከፍ ትላለች፣ ደግሞ ዝቅ ትላለች። ደጊቱ የስፌት መኪናዋን ከበረንዳ ወደ ውስጥ አዛወረችው፤ ልጅቷ ከተቀመጠችበት ፊት ለፊት። ከማስኩ ጨርቅ ቀና ባለች ቁጥር ልጇን ታያለች። እትዬ በለጡ በየቀኑ አጥሩ ሥር መጥተው፣ "አንቺ ልጅ! ዛሬ በላሽ? ዛሬ ተናገርሽ?" ይላሉ። ያው በቁጣቸው ነው፤ ሌላ አነጋገር መች ያውቁና!

አንድ ቀን፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከአጥሩ ሥር ድም አለ። አንዴ። ቆየና ድም ድም። ደጊቱ መቀሷን ይዛ ደርቃ ቀረች። ከአጥሩ ወዲያ ምን የተሰማ ይመስላችኋል? "አንቺ ልጅ! ደግሞ ጀመርሽ? ጆሮዬን አደነቆርሽው!" ደጊቱ በሕይወቷ እንደዚያ የጣፈጠ ስድብ ሰምታ አታውቅም። እየሳቀች አለቀሰች።

በሚቀጥለው ዓመት ዳግም ትንሣኤ ቤርሳቤህ ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ እውነተኛውን ከበሮ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ጓደኞቿ መካከል ቆመች። መታችው! አናገረችው! የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከዳር እስከ ዳር በጭብጨባ ተናወጠ፣ እልልታው ቀለጠ። ከሴቶቹ በኩል አንድ ድምፅ ከሁሉ በላይ ወጣ፤ "አደንቁሪኝ ልጄ! ዛሬስ አደንቁሪኝ!" ማን መሆናቸውን ልንገራችሁ?

ሞት ያቺን ልጅ በዝምታ ሊወስዳት ነበር፤ አልተሳካለትም! ለምን? አንድ ሰው ዝምታዋን ስለሰማ። ሌላው ሁሉ ያመሰገነውን እኚያ ቁጡ ሴት ስለጠየቁት።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። እናንተ እናቶች፣ እናንተ አባቶች፣ ቤታችሁ ውስጥ አደብ ገዛች የምትሏት ልጅ አለች ወይ? ወረርሽኙ አልፏል፤ የዘጋው በር ሁሉ ተከፍቷል ወይ? ትናንት የምትስቅ ዛሬ የማትስቅ፣ ሳህኗን ሳትነካ የምትመልስ፣ ስትጠሯት ከሩቅ የምትመልስ ልጅ የለችም ወይ? አታመስግኗት፤ ጠይቋት። ስትመልስላችሁም አትቆጧት፣ አትፈሯት፤ ይዛችኋት ሂዱ። ጸሎቱም አለ፣ ሐኪሙም አለ።

እናንተስ ልጆቼ፣ እዚያ ኋላ አንገታችሁን ደፍታችሁ የምትሰሙኝ? መታመም ኃጢአት አይደለም። ዝም ስላላችሁ የሚያመሰግናችሁን ሰው አትመኑት። ለአንድ ሰው ተናገሩ። እናት ካልሰማች ለጎረቤት፣ ጎረቤት ካልሰማ ለእኛ። እኛም ካልሰማን ጩኹብን! ከበሮው የእናንተ ነው፤ ከእጃችሁ ማንም አይወስደውም።

ጎረቤቶችም ስሙኝ። ከአጥራችሁ ወዲያ የሚረብሻችሁ ድምፅ ካለ ዛሬ እግዚአብሔርን አመስግኑ። ድምፁ የጠፋ እንደሆነ ግን ተገላገልን ብላችሁ እንዳትተኙ። ነጠላችሁን አንሡና በሩን አንኳኩ።